የኅዳግ ጸሐፍት፦ የብሮውዘርና የጦማር ተቀጽላዎች ታሪክ

የቀድሞ ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ፍቀውና አለስልሰው፣ በወስፌ ወግተው መስመሩን ካሰመሩ በኋላ፣ ጽሕፈቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሞሉትም ነበር፤ ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ሰፋ ያለ ባዶ ስፍራ ይተዉለታል፤ ይህም ስፍራ ኅዳግ ይባላል። ኀደገ በግእዝ ተወ ማለት ነውና፣ ኅዳግም የተተወ፣ ለሌላ የቀረ ማለት ይሆናል። ጸሐፊው መጽሐፉን ፈጽሞና አስደጕሶ ከዚህ ዓለም ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እርሱ በመልክም በስምም የማያውቀው ሌላ ሰው መጥቶ፣ በዚያ በተተወው ስፍራ የተዘለለውን ቃል ያገባበታል፣ ምሥጢሩ የከበደውን ይተረጕምበታል፤ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልም የጉልት ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍበታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት የዜማ ምልክትም ማደሪያ ያገኘው በመስመርና በመስመር መካከል በተተወው ጠባብ ስፍራ ነው።

ይህን ከጥንቱ አንሥቼ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን በኮምፒዩተርና በስልክ የምናነበው ድረ ገጽ፣ ድረ ገጹንም የሚያሳየን ብሮውዘር፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡን በየዕለቱ የሚያሰፍርበትና ጸሐፊዎቻችን ጦማር ብለው በመልካም ስም የሰየሙት ብሎግ፣ ዛሬ ያላቸውን መልክ ያገኙት በዋና ሠሪዎቻቸው እጅ ብቻ እንዳይደለ፣ ታሪካቸውን በመረመርሁ ቍጥር እየተገለጠልኝ ሄዷል። ብዙ ጊዜ ዋናውን ሥራ በሕዝብ ዘንድ ያስወደደው፣ ሠሪው ኅዳግ ትቶለት፣ በዚያ ኅዳግ ላይ ስሙ ያልተሰማ ሰው የጨመረው ጥቂት ነገር ነው።

ፈረንጆች ፕለጊን፣ አድ-ኦን፣ ኤክስቴንሽን እያሉ በየጊዜው የተለያየ ስም ያወጡለትን ይህን ጭማሪ እኔ ተቀጽላ እለዋለሁ። ባላገሩ፣ ሥሩን በምድር ሳይሰድድ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ፣ ዛፉ ከሚጠጣው እየጠጣ የሚኖረውን ተክል ተቀጽላ ይለዋል፤ መድኀኒት ዐዋቂዎች ከዛፉ ይልቅ እርሱን ፍለጋ ይወጣሉ፤ የበዛ እንደ ሆነ ግን የተሸከመውን ዛፍ ያደርቀዋል። ከዚህ የሚሻል ስም አላገኘሁለትም፤ መድኀኒትነቱም ማድረቁም በታሪኩ ውስጥ ሁለቱም አሉና። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያውን ብሮውዘር በ1990 መጨረሻ፣ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ-ሊ ሲሆን፣ ያ ብሮውዘር ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር። በ1993 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና የሠሩት ሞዛይክ ግን ሥዕልን ከጽሕፈት ጋር በአንድ ገጽ አጋጥሞ በማሳየቱ ሰው ሁሉ ሲወደው፣ የብሮውዘር መጻፊያነት ቀርቶ ማንበቢያ ብቻ ሆነ። ድምፅ ወይም ተንቀሳቃሽ ሥዕል የመጣ እንደ ሆነም፣ ሞዛይክ ራሱ ሊያሳየው አይችልምና፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ በሌላ መስኮት ያስከፍተው ነበር፤ ማደሪያ የሌለው ባለቤት እንግዳውን ወደ ጎረቤት እንደሚሰድድ ማለት ነው።

አንድሪሰን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የኔትስኬፕ ኩባንያ የብሮውዘሩን ሁለተኛ እትም በ1996 መጀመሪያ ሲያወጣ፣ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ እንግዳውን ሁሉ በራሱ እጅ ማስተናገድ አልነበረም። በገጹ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን ስፍራ ከልሎ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ገብቶ በዚያች ስፍራ ይሥራ የሚል ሥርዓት ጻፈ፤ ፕለጊን የሚለው ስምም ከብሮውዘር ጋር ተያይዞ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የአዶቤ ፒዲኤፍ ሰነድ በገጹ ውስጥ መነበብ የቻለ በዚህ በር ገብቶ ነው። ጆናታን ጌይ ከጓደኞቹ ጋር የሠራው፣ ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ በ1996 መጨረሻ ገዝቶ ፍላሽ ብሎ የሰየመው የሥዕል ማንቀሳቀሻም እንዲሁ ገባ፤ ገብቶም ከተቀበለው ዛፍ ይልቅ ገነነ። የልጆች ጨዋታ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ በ2005 የተቋቋመው ዩቲዩብ ሳይቀር በእርሱ ላይ ቆሙ። ነገር ግን ይህ ተቀጽላ በኮምፒዩተሩ ላይ የባለቤቱን ያህል ሥልጣን ነበረው፤ በእርሱ ላይ ቀዳዳ ያገኘ ክፉ ሰው ወደ ጓዳው ያለ ከልካይ ይገባል። ስቲቭ ጆብስ በሚያዝያ 2010 በአይፎን ላይ የማይቀበልበትን ምክንያት በግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ በኋላ የፍላሽ ባለቤት የሆነው አዶቤም በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን ፈጽሞ አቆመ። ሃያ አራት ዓመት የኖረ፣ የአንድ ትውልድ ልጆች ጨዋታ የተጻፈበት ሥራ በአንድ ሌሊት የማይከፈት ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ፍላሽ በገነነበት ዘመን በማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራስ ላይ ስለ ተደረደሩት ቱልባሮች ብዙ አልናገርም። ከእነርሱ መካከል በ2000 መጨረሻ የወጣውን የጉግልን የመሰሉ የሚጠቅሙ ነበሩ፤ የሚበዙት ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተሸሽገው የሚገቡ ነበሩ። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒዩተር ላይ አራት አምስት ረድፍ ሆነው የመስኮቱን ሢሶ ይዘው፣ የሚነበበው ገጽ ከታች በቀረው ስፍራ ተጨንቆ ሲታይ አስታውሳለሁ። ተቀጽላ ዛፍ ሲያደርቅ ይህን ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የምናገረው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ያማረው ምዕራፍ ነው። ኔትስኬፕ በገበያው ተሸንፎ የፕሮግራሙን ምንጭ በ1998 ለሕዝብ ከከፈተ በኋላ፣ ሞዚላ የተባለው ማኅበር ያሳደገው ሥራ ብሮውዘሩንም፣ የኢሜይል ማንበቢያውንም፣ የገጽ መጻፊያውንም በአንድ ላይ የተሸከመ ከባድ ነገር ሆኖ ነበር። ዴቭ ሃያትና በዚያን ጊዜ ገና 17 ዓመት የሆነው ብሌክ ሮስ ብሮውዘሩን ብቻ ለይተው፣ ትርፉን ሁሉ ገፈው፣ በመስከረም 2002 ፊኒክስ በሚል ስም አወጡት፤ ስሙም ሁለት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ፋየርፎክስ ተብሎ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በኅዳር 9 ቀን 2004 ወጣ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ በብሮውዘሩ ውስጥ እናግባ ብንል ለማንም የማይመች ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂቱን በሚገባ እንሥራና የቀረውን የሚሹት ራሳቸው ይቀጥሉበት። ኔትስኬፕ የሰጠው ስፍራ በገጹ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን ብቻ ሲሆን፣ ፋየርፎክስ ግን ቁልፉንም፣ ዝርዝሩንም፣ መስኮቱንም ሁሉ ለተቀጽላ ክፍት አድርጎ ተወው።

ይህ ብሮውዘር ገና ሙሉ ስሙን ሳያገኝ፣ በ2002፣ ሄንሪክ ኦስቴድ ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ተማሪ ለፈተና ማጥናት በሚገባው ሰዓት፣ በገጽ ላይ የሚርገበገበውን ማስታወቂያ የሚያስወግድ ትንሽ ተቀጽላ ጽፎ አድብሎክ አለው። ሥራውን ሌሎች ተቀብለው ቀጠሉት፤ ቭላዲሚር ፓላንት በ2006 ከመሠረቱ አድሶ አድብሎክ ፕላስ በሚል ስም አወጣው። እነዚህ ሁለቱ በየጋዜጣው ተወስተዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የሦስተኛው ሰው ታሪክ ነው። ተቀጽላው ምን ማስታወቂያ እንደ ሆነ፣ ምን የገጹ ጽሑፍ እንደ ሆነ በራሱ አይለይምና፣ ከየት ከየት አድራሻ የሚመጣውን እንዲከለክል የሚነግረው ዝርዝር ያስፈልገዋል። ይህን ዝርዝር፣ ኢዚሊስት የሚባለውን፣ ሪክ ፔትነል የተባለ አሜሪካዊ በ2005 ጀመረ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ አድራሻ ወይም አንድ ምልክት፣ ከዚያም ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ፤ አንድ ድረ ገጽ የማስታወቂያውን ስፍራ በለወጠ ቍጥር ያንን መስመር መሠረዝና ሌላ መጻፍ፤ የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ የሰው ጽሑፍ በከንቱ ተሰወረብኝ የሚለውን አቤቱታ ተቀብሎ ማረም። ፔትነል በ2009 ዐረፈ፤ ዝርዝሩን ግን ሌሎች ተረክበው እስከ ዛሬ ይጽፉታል፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ መስመሮች ሆኖአል፤ ማስታወቂያ የሚከለክሉ ተቀጽላዎች አብዛኞቹም ከእርሱ ይቀዳሉ። የመዝገብ ጸሐፊነትን ክብር የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ንቆ አያልፈውም።

በእርግጥ ማስታወቂያ መከልከል የጋዜጣን እንጀራ መንካት ነው፤ ይህን የሚናገሩ አዘጋጆች እውነት አላቸው። ነገር ግን አንባቢው በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየውን የመምረጥ መብት ከሌለው፣ ብሮውዘሩ የእርሱ ነው ማለት ትርጕም ያጣል፤ እኔ ከዚህ ወገን ነኝ።

በዚያው በፋየርፎክስ መጀመሪያ ዘመን አሮን ቡድማን የጻፈው ግሪስመንኪ ደግሞ ከዚህ ራቅ ብሎ ሄደ፤ ማንም ሰው አጭር ጽሕፈት ጽፎ የሌላውን ሰው ድረ ገጽ በራሱ መስኮት ላይ እንደ ወደደ እንዲያስተካክለው አስቻለ። ቡድማን በኋላ ወደ ጉግል ገብቶ፣ በ2010 መጀመሪያ የተከፈተውን የክሮም ብሮውዘር የኤክስቴንሽን ሥርዓት ካበጁት ዋነኛው ሆነ።

ወደ ጦማር ታሪክ ስንመለስ የምናገኘውም ይህንኑ መንገድ ነው። በ1999 የተከፈተው ብሎገር ለማንም ሰው ያለ ድካም የመጻፊያ ስፍራ ቢሰጥም፣ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት ነበር። የገዛ ቤቱን ለሚሻ ደግሞ ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ የኮርሲካ ሰው በ2001 ቢቱ የሚባል ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ጸሐፊው ሥራውን ትቶ ድምፁ ጠፋ። በጥር 2003 የ19 ዓመቱ ወጣት ማት ሙለንወግ በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ተቀምጦ፣ ይህን የተተወ ሥራ ተቀብሎ ለመቀጠል ማሰቡን በጦማሩ ጻፈ፤ ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ከጽሑፉ ሥር፣ ቁም ነገር አድርገኸው ከሆነ እኔም ልርዳህ የሚል አስተያየት አኖረለት። ከዚህች አስተያየት በመነሣት በግንቦት 27 ቀን 2003 ዎርድፕሬስ ወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከመቶ 40 እጅ በላይ የሚሠሩት በዚህ ፕሮግራም ነው።

ኅዳጉ የተተወለት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2004 በወጣው በ1.2 እትሙ ነው። አሠራሩን ቀርቦ ለተመለከተው እጅግ ያማረ ነው። አንባቢ አንድ ጽሑፍ ሲከፍት ፕሮግራሙ ጽሑፉን ከመዝገብ ያወጣና፣ ወደ አንባቢው ከመላኩ በፊት በአንድ በታወቀ ስፍራ ላይ ቆም ይላል፤ ሁክ የሚሉት ይህ ማንጠልጠያ ነው። በዚያም ስፍራ፣ በዚህ ነገር ላይ ቃል አለኝ ብሎ የተመዘገበ እንዳለ ይጠይቃል፤ የተመዘገበ ተቀጽላ ካለ ጽሑፉን ተቀብሎ፣ አርሞ ወይም ጨምሮበት ይመልሳል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም በተራ በተራው እንዲሁ ያደርጋል፤ ማንም ከሌለ ጽሑፉ እንዳለ ያልፋል። ከዋናው መጽሐፍ አንዲት ፊደል አልተፋቀችም፤ ተቀጽላው ሲነሣም መጽሐፉ እንደ ነበረ ይገኛል። ለተቀጽላው የሚያስፈልገው ፋይልም ከባድ አይደለም፦ በራሱ ላይ ስሙንና የጸሐፊውን ስም የሚናገሩ ጥቂት መስመሮች፣ ከሥሩም ከየትኛው ማንጠልጠያ እንደሚሰቀል የምትናገር አንዲት መስመር። ለምሳሌ እንዲሆን ከዎርድፕሬስ ጋር የተሰጠው ሄሎ ዶሊ የሚባለው ተቀጽላ፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ከዘፈነው ዘፈን አንዳንድ ስንኝ እያወጣ በገጹ ማእዘን ከማሳየት በቀር ሌላ ተግባር የለውም፤ ነገር ግን እርሱን ከፍቶ ያነበበ ሰው የራሱን መጻፍ ይችላል፤ ብዙዎችም የተማሩት ከእርሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ብዛቱ ከ50,000 ያልፋል። ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈለገው ጠባቂ ነበር፤ በጦማር ሥር አስተያየት የሚጻፍበት ስፍራ ክፍት በሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ የመድኀኒትና የቁማር ማስታወቂያ እንደ ጎርፍ ይገባ ነበርና። ሙለንወግ በ2005 አኪስሜት የተባለውን ማጣሪያ ሲያወጣ፣ እናቱ ጦማር ብትጀምር እንዲህ ያለ ነውር እንዳታይ ማሰቡን ተናግሯል። ጃፓናዊው ታካዩኪ ሚዮሺ በ2007 ያወጣው የመልእክት ቅጽ፣ ሆላንዳዊው ዮስት ደ ቫልክ የጀመረው፣ ጽሑፍ በጉግል ፍለጋ እንዲገኝ የሚያሰናዳው ዮስት፣ በ2011 የወጣውና ጦማርን ወደ ሱቅ የሚለውጠው ዉኮሜርስ፣ እነዚህ ሁሉ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ቤቶች የገቡ ናቸው።

በብዙ ቤት መግባት ግን በብዙ ቤት መጥፎ ነገር ማግባትም ይሆናል። በ2011 ክረምት ማርክ ማውንደር የተባለ ሰው በገዛ ጦማሩ ላይ እርሱ ያላኖረው ማስታወቂያ ቢያይ፣ እግር በእግር ተከታትሎ ምክንያቱን አገኘው፤ ቲምተምብ የተባለ፣ ሥዕልን አሳንሶ የሚያሳይ፣ ከብዙ የዎርድፕሬስ የገጽ መልኮች ጋር ተሸጕጦ የሚሰጥ ትንሽ ጽሕፈት፣ የመጣበትን ስፍራ በሚገባ ሳይመረምር ፋይልን እንደ ሥዕል ቈጥሮ ያስገባ ነበር። ማውንደር ስሕተቱን ለሁሉ ገለጠ፤ በኋላም ዎርድፌንስ የሚባለውን የጥበቃ ተቀጽላ ሠራ። ብዙ ሰዎች ቲምተምብ በቤታቸው እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበርና፣ ያደረሰው ጉዳት በየቦታው ሆነ።

እኔም በአንድ ወቅት ሁለት ተቀጽላዎችን በአንድ ጊዜ አድሳለሁ ስል ጦማሬ በሙሉ ነጭ ገጽ ሆነብኝ፤ የስድስት ዓመት ጽሑፍ በአንድ ጠቅታ የጠፋ መስሎኝ ክፉኛ ደነገጥሁ። ለጎረቤቴ ልጅ፣ በሙያው ለታወቀው፣ በስልክ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ ጽሑፍዎ አልተነካም። የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ብቻ ይለውጡት» አለኝ። ስሙን ብለውጠው ፕሮግራሙ ተቀጽላዎቹን ፈልጎ አጣቸው፤ እነርሱን ሲያጣም ያለ እነርሱ ተነሣ፤ ጽሑፎቼም ከነቀናቸው እንደ ነበሩ ተገኙ። ያን ጊዜ ነው ኅዳግና ዋናው ጽሕፈት የሚያርፍበት ዐምድ ተለይቶ መጻፉ ምን ያህል ጥበብ እንደ ሆነ በዐይኔ ያየሁት።

አሁን የራሳችንን ፊደል ነገር ልናገር፤ ይህን ታሪክ መመርመር የጀመርሁትም በእርሱ ምክንያት ነው። ኮምፒዩተር በላቲን ፊደል ልክ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡት ፊደሎቻችን በውስጡ ስፍራ አልነበራቸውም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ብርቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መላ ፈጠሩ፤ በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ የግእዙን ፊደል አስቀመጡት። ይህ መላ ያንኑ ፎንት ለጫነ ሰው መልካም ነበር፤ ለሌላው ግን ገጹ የተበተነ የላቲን ፊደልና ነጥብ ሆኖ ይታየዋል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የሚባለውን ሥርዓት፣ ግእዙን በላቲን ፊደል በአንድ የታወቀ ሕግ የመጻፍን ሥርዓት፣ ያወጡት ይህን መለያየት ለማስቀረት ነው። በመስከረም 1999 የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ስፍራ ከለለለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀ በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ኮምፒዩተር ሀ ሆነ።

ወንበሩ ተገኘ፤ ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን ገና ነበር፤ የቁልፍ ሰሌዳው አሁንም የላቲን ነበርና። አውስትራሊያዊው ማርክ ደርዲን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ኪማን ለግእዝ የተዘጋጀ ሰሌዳ ተጽፎለት ብዙዎችን አገልግሏል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ነበረበት። በኢንተርኔት ካፌ በሰዓት ከፍሎ የሚጽፍ ሰው፣ በዋሽንግተን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በባሕረ ሰላጤው አገርም በአሠሪው ኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው በሰው ዕቃ ላይ ፕሮግራም ለመጫን ሥልጣን የለውም። ለእነዚህ ሁሉ መንገድ የሆነላቸው የብሮውዘር ተቀጽላ ነው፤ በብሮውዘሩ ውስጥ ይኖራል እንጂ ኮምፒዩተሩን አይነካውም። የጉግል መጻፊያ ኤክስቴንሽን አማርኛን ተቀበለ፤ ውክፔዲያም በ2013 በሁሉም ቋንቋ እትሞቹ ላይ ያኖረው የቋንቋ መምረጫ ተቀጽላ፣ በላቲን ሰሌዳ አማርኛ የሚያስጽፍ ሥርዓት በውስጡ ይዟል።

አጻጻፉን ላላየው ላሳየው። ሰላም ለማለት የ‹ኤስ›ን ቁልፍ ስትመታ በመስኮቱ ላይ ስ ብላ ትወጣለች፤ ወዲያው የ‹ኢ›ን ቁልፍ ብትጨምር ስ ተለውጣ ሰ ትሆናለች። ‹ኤል› ስትመታ ል፣ ‹ኤ› ስትጨምር ላ። በመጨረሻው ‹ኤም› ስትመታ ም ብላ ትቆማለች፤ ሌላ ቁልፍ አያስፈልጋትም፤ ሳድስ ናትና። ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች ሳድሱን የመነሻ ፊደል ማድረጋቸው የቋንቋውን ጠባይ በሚገባ ማወቃቸውን ያሳያል። ነገር ግን እሳቱን ሰ በአንድ ምት የሚሰጥ ሰሌዳ ንጉሡን ሠ ተጨማሪ ምት ያስከፍልበታል፤ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀም እንደዚሁ። ዛሬ በየጦማሩ ሠ፣ ሐና ኀ እየሳሱ መሄዳቸውን ሳይ፣ የመምህር እጦት ብቻ ሳይሆን የጣት ስንፍናም እንዳለበት አምናለሁ። በኅዳግ ላይ የተጻፈ ደንብ ዐምዱን እንዲህ ይለውጠዋል።

በብራናው ዘመን ሌላም ልማድ ነበረ፤ ገልባጩ አዲስ ቅጂ ሲያወጣ በኅዳጉ ያገኘውን መልካም እርማት ወደ ዐምዱ ያገባዋል፤ ከዚያም ወዲህ የሚያነበው ሰው ያ ቃል በኅዳግ እንደ ነበረ አያውቅም። በ2010 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽንና የቶር ማኅበር ያወጡት፣ አንባቢውንና ድረ ገጹን የሚያገናኘውን መንገድ ከሰላይ የሚሰውረው ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር ዕጣው ይህ ሆነ፤ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሥራውን ወደ ራሳቸው ስላገቡት በጥር 2023 በክብር ተዘጋ። የሁሉ ዕጣ ግን እንዲህ አልሆነም። ፋየርፎክስ በኅዳር 14 ቀን 2017 ባወጣው 57ኛ እትሙ፣ ለፍጥነትና ለጥንቃቄ ሲል፣ ቀድሞ ሁሉን ክፍት አድርጎ የተወውን የተቀጽላ ሥርዓት ዘጋው፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ተቀጽላዎች በዚያን ቀን ሞቱ። ጸሐፊዎቻቸው አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩ ሰዎች ነበሩና፣ ሁሉን እንደገና ከመጀመሪያው ለመጻፍ ዐቅም ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ጉግልም በክሮም ላይ ያወጣው አዲሱ ደንብ ተቀጽላዎች ድረ ገጽ የሚልከውንና የሚቀበለውን አንድ በአንድ እየመረመሩ እንዲያግዱ የነበራቸውን ሥልጣን ስላጠበበው፣ ሬይመንድ ሂል ከ2014 ጀምሮ የደከመበት፣ ለድካሙም ከማንም ምጽዋት አልቀበልም ያለበት ዩብሎክ ኦሪጅን ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በክሮም ላይ እየታገደ ሄደ። ጥንቃቄው አስፈላጊ መሆኑን የፍላሽ ታሪክ ያስተምራል፤ ሆኖም ማስታወቂያ ሸጦ የሚኖር ኩባንያ የኅዳጉን ስፋት በብቸኝነት ሲወስን ልቤ አያርፍም።

ባለፈው ክረምት የቀድሞ ጽሑፎቼን ለማሰባሰብ የድሮ ፋይሎቼን ከፈትሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተገዛ ፎንት የጻፍኋቸው፣ ያ ፎንት በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር ላይ ስለማይገኝ፣ የሰረዝና የነጥብ ክምር ሆነው ቀርተዋል፤ አንዱን እንኳ ማንበብ አልቻልሁም። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ በአንዲት የብሮውዘር ተቀጽላ የጻፍሁትን የመጀመሪያውን የጦማር ጽሑፍ ከፈትሁ። ተቀጽላዋ ከሞተች ቆይታለች፤ የተጫነችበት ብሮውዘርም የለም። ስለ እናቴ የሽመና ዕቃ የሚናገረው የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ግን ድውሩን፣ መወርወሪያውንና ማጉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ፊደሉ ሳይጐድል፣ ንጉሡ ሠ በሽመናው ሥራ ላይ በስፍራው ተቀምጦ፣ እንደ ጻፍሁት ተገኘ።